ሽልንግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእንግሊዝ ሽልንግ ከገበያ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን እኛም ቤት ገብቶ ስለቀረ ጥያቄው አያልቅም።

ሽልንግ ምንድን ነው?

ሽልንግ የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው። አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ (ነጠላው ፔኒ) ነበር። 20 ሽልንግ ደግሞ አንድ ፓውንድ። ስለዚህ አንድ ፓውንድ እስከ መጨረሻው ሲመነዘር 240 ፔንስ ይወጣዋል።

ሳንቲሙ ትንሽ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ክብደቱ 5.65 ግራም ገደማ ነበር። ስፋቱ 23.6 ሚሊ ሜትር። በአንድ ፊቱ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ መልክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በሌላው ፊቱ ሁለት ዓይነት አንበሳ ይቀረጽበት ነበር፤ አንዱ የእንግሊዝ፣ ሌላው የስኮትላንድ። የወቅቱ ንጉሥ ባለቤት ንግሥት ኤልሳቤጥ የስኮትላንድ ዘር ስለነበረች እሷን ለማክበር ነው ሁለተኛው የተጨመረው።

እንግሊዞች ሽልንግን የተዉት መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971። በዚያ ቀን ፓውንድ 100 አዲስ ፔንስ ሆነ፤ ሽልንግ ከቆጠራ ወጣ። አንድ ሽልንግ በአዲሱ ሒሳብ 5 ፔንስ ሆነ።

ሳንቲሙ ራሱ ግን ወዲያው አልጠፋም። አዲሱ 5 ፔንስ በመጠንም በክብደትም ከሽልንጉ ጋር አንድ ሆኖ ነበር የተሠራው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ኪስ አብረው ኖሩ። የሽልንግ ሳንቲም እንደ 5 ፔንስ ሲያገለግል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ላይ ተሰበሰበ። ያን ዓመት 5 ፔንስ አነስ ብሎ እንደ አዲስ ስለተሠራ ነው።

እኛ አገር ሃምሳ ሳንቲም ለምን ሽልንግ ተባለ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሱን መናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ስሙ አንድ የድሮ የምንዛሪ ሒሳብ ሳይጎድል ይዞ ኖሯል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ከእንግሊዝ ጦር ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። ልብ በሉ፣ የለንደኑ ሽልንግ አይደለም። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የሚሠራበት ሽልንግ ነው። ለአራት ዓመት ያህል ገበያው ድብልቅልቅ ያለ ነበር። ማርትሬዛ ብር አለ። የጣሊያን ሊሬ አለ። ሽልንግ አለ። በርበሬ ሸጦ የሚገባ ሰው መቀነቱ ውስጥ የሦስት መንግሥት ገንዘብ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ዋለ። የምንዛሪ ልኩ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሆነ። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ሁለት ሽልንግ አንድ ብር ከሆነ፣ አንድ ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሰው አዲሱን ሃምሳ ሳንቲም ሲያገኝ በሚያውቀው ስም ጠራው። የእንግሊዙ ገንዘብ ሄደ፤ ስሙ ግን በእኛው ሳንቲም ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ሳንቲሙን በሌላ መልክ አወጣው፣ ስሙ አልተነቃነቀም። እናቴ «ሃምሳ ሳንቲም» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ሽልንግ አምጣ» ነው የምትለው።

የንጉሡ ዘመን ሃምሳ ሳንቲም ከሌሎቹ የሚለየው ከብር ማዕድን የተሠራ መሆኑ ነው። ከሱ በታች ያሉት ሁሉ መዳብ ነበሩ። ይህም የራሱን ጣጣ አመጣ። ሃያ አምስት ሳንቲሙ መጀመሪያ የወጣው ድፍን ክብ ሆኖ ነበር፤ መጠኑም ከሽልንግ ጋር ይቀራረባል። አንዳንዶች መዳቡን ብር እየቀቡ በሽልንግ ስም ያሳልፉት ጀመር። ያ ሳንቲም ተሰበሰበና ጠርዙ ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል ተደርጎ እንደገና ወጣ። የድሮ ሃያ አምስት ሳንቲም እጃችሁ ላይ ካለ በጣታችሁ ዳር ዳሩን ዳብሱት። ያ ጉብ ጉብ የተሠራው በሌሊት ያለ መብራት እንኳ ከሽልንግ እንዲለይ ነው ማለት ይቻላል።

ስሙኒና አላድስ ከዚሁ ጋር ይሄዳሉ?

ስሙኒ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ የሽልንግ ግማሽ። ቃሉ በዓረብኛ በኩል የመጣ ነው እንጂ ከእንግሊዝ ጋር ግንኙነት የለውም። አላድ ደግሞ በምኒልክ ዘመን የግማሽ ብር ስም ነበር። እንግዲህ ሽልንግ የያዘው የአላድን ቦታ ነው።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ኪሳችን ባዶ ሲሆን «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ወይም «ድንቡሎ የለኝም» እንላለን። ቤሳም ድንቡሎም የመጨረሻዋ ትንሽ ገንዘብ ናቸው። ሽልንግ እዚያ አባባል ውስጥ አልገባም። በዘመኑ የሚከበር ገንዘብ ነበራ!

ቃሉ ራሱ ከየት መጣ?

በጣም የቆየ የጀርመናውያን ነገዶች ቃል ነው። ስለ ሥሩ የቋንቋ አዋቂዎች ሁለት ሐሳብ አላቸው። አንዱ «ማቃጨል፣ መጮኽ» ከሚል ግስ ያመጣዋል፤ ሳንቲም ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰጠው ድምፅ። ሌላው «መቁረጥ፣ መክፈል» ከሚል፤ ከብር ተቆርጦ የሚሰጥ ቁራጭ ለማለት። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ የጥንት ሰዎች ብርን በእርግጥም እየቆረጡና እየመዘኑ ይከፍሉ ነበርና።

የሚገርመው ሽልንግ ሳንቲም ከመሆኑ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የሒሳብ ስም ብቻ ሆኖ መቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ600 አካባቢ የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ያወጣው ሕግ ካሣን የሚቆጥረው በሽልንግ ነው። የሰው አውራ ጣት የቆረጠ 20 ሽልንግ ይከፍላል። የአውራ ጣት ጥፍር ያወለቀ 3 ሽልንግ። የፊት ጥርስ ለሰበረ በጥርስ 6 ሽልንግ። ያኔ «ሽልንግ» የሚባል የእንግሊዝ ሳንቲም የለም፤ ከፋዩ በሌላ ገንዘብ ወይም በከብት አስልቶ ነው የሚሰጠው። የ12 ፔንስ ልኩም የጸናው ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከድሮዎቹ የእንግሊዝ መንግሥታት በዌሴክስ አንድ ሽልንግ 5 ፔንስ፣ በመርሲያ 4 ፔንስ ነበር።

የ12 ፔንስ ሳንቲም መጀመሪያ የተቀረጸው በሄንሪ 7ኛ ዘመን ነው። ያኔ ስሙ ቴስቱን ነበር፤ የንጉሡ ጭንቅላት ስላለበት «ራስ» ከሚል የጣሊያን ቃል የመጣ ስም። ሽልንግ የሚለው ስም ሳንቲሙ ላይ የተተከለው በኤድዋርድ 6ኛ ጊዜ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው።

እንግሊዞች «ቦብ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቦብ የሽልንግ የሰፈር ስም ነው፤ እኛ ሃያ አምስት ሳንቲምን ስሙኒ እንደምንለው። ለብዙ ቁጥር አይለወጥም። አንድ ቦብ፣ አሥር ቦብ ነው የሚባለው። የአሥር ሽልንግ ወረቀት ገንዘብ «የአሥር ቦብ ኖት» ይባል ነበር። እሱን የተካው ዛሬ የምናውቀው ባለ ሰባት ጎን 50 ፔንስ ሳንቲም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣ።

ቃሉ ዛሬም በሕይወት ያለው ናይሮቢ ነው። ኢስሊ የኖረ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ረዳት «ሃምሳ ቦብ» ካላችሁ ሃምሳ የኬንያ ሽልንግ ነው የጠየቃችሁ።

በድሮ የእንግሊዝ ጽሑፍ 2/6 ወይም 5/- የሚለው ምንድን ነው?

ዋጋ ነው። ከመስመሩ በስተግራ ያለው ሽልንግ፣ በስተቀኝ ያለው ፔንስ ነው። 2/6 ማለት 2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ። ሲነበብ «ሁለት ከስድስት» ይባላል። 5/- ማለት ድፍን 5 ሽልንግ፣ ምንም ፔንስ የሌለው።

አጻጻፉ የመጣው ከላቲን ነው። ፓውንድ በሊብራ፣ ሽልንግ በሶሊዱስ፣ ፔኒ በዲናሪዩስ የመጀመሪያ ፊደል ይጻፉ ነበር። ያ ጋደል ያለ መስመርም የሶሊዱስ የመጀመሪያ ፊደል ድሮ ረዥም ሆኖ ይጻፍ ከነበረው የመጣ ነው ይባላል። ዲናሪዩስ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል የወይኑ ባለቤት ለቀን ሠራተኞቹ የተስማማበት «ዲናር» ይኸው ነው። እንግሊዞች እስከ 1971 ድረስ ፔኒን የሚያሳጥሩት በሮማውያን ገንዘብ ስም ነበር።

መደመር ላይ ነው ሰው የሚቸገረው። 17/9 እና 4/8 እንደምር። 9 እና 8 ፔንስ 17 ይሆናል፤ 12ቱ አንድ ሽልንግ ነው፣ 5 ፔንስ ይተርፋል። 17 እና 4 ሽልንግ 21፣ ከተሻገረው ጋር 22። ከሱ ውስጥ 20ው አንድ ፓውንድ ነው። ድምሩ 1 ፓውንድ፣ 2 ሽልንግ፣ 5 ፔንስ። ልጆች ይህን በቃል ይሠሩት ነበር።

ጊኒ፣ ክራውንና ፍሎሪን በሽልንግ ስንት ናቸው?

ክራውን 5 ሽልንግ ነው። ግማሽ ክራውን 2/6። ፍሎሪን 2 ሽልንግ፤ እ.ኤ.አ. በ1849 የወጣው ፓውንድን በአሥር ለመክፈል ታስቦ ነበር።

ጊኒ ግራ የሚያጋባው ነው፦ 21 ሽልንግ። ከ1663 ጀምሮ የተቀረጸ የወርቅ ሳንቲም ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ወርቁ ከመጣበት የምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ነው። ዋጋው ከወርቅ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቶ በ1717 በ21 ሽልንግ ተወሰነ። መሠራቱ ካቆመ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግን ሐኪምና ጠበቃ ክፍያቸውን በጊኒ መጥራት አልተዉም ነበር። የእሽቅድምድም ፈረስ ጨረታ ላይ ዛሬም በጊኒ ይጫረታሉ፤ አንድ ጊኒ 1 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ተብሎ ይታሰባል።

«የንጉሡን ሽልንግ ወሰደ» ምን ማለት ነው?

ወታደር ሆነ ማለት ነው። መልማዩ አሥር አለቃ ለአዲሱ ምልምል አንድ ሽልንግ ይሰጠዋል። ተቀባዩ እጁን ከዘረጋ ተስማማ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ቀብድ ነው። ቀብድ የበላ ሰው ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል፤ እዚያም እንዲሁ ነበር። ሐሳቡን ከቀየረ በአጭር ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርቦ ከተቀበለው ብዙ እጥፍ የሆነ የቅጣት ገንዘብ መክፈል ነበረበት። ለድሃ ልጅ ያ ማለት መውጫ የለም ማለት ነው።

ብዙ ምልመላ የሚካሄደው በመጠጥ ቤት ነበር፤ ቢራ እየጋበዙ። ሽልንጉን ቢራው ውስጥ ጥለው ሳያውቅ የዋጠውን ይወስዱት ነበር የሚል ተረትም አለ። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1879 ቀረ፤ አባባሉ ግን ዛሬም ጦር ለገባ ሰው ይሠራል። ሽልንግ የተመረጠው ደግሞ እንዲሁ አይደለም። ከ1797 ጀምሮ የተራ እግረኛ ወታደር የቀን ደመወዝ አንድ ሽልንግ ነበር፤ ከሱም ላይ የምግብና የልብስ ይቆረጥበታል።

በኑዛዜ አንድ ሽልንግ መተው ለምን ነበር?

ልጁን የካደ አባት በኑዛዜው «ለእገሌ አንድ ሽልንግ» ብሎ ይጽፋል። ስሙን ጨርሶ ካላነሳው፣ ልጁ «አባቴ ረስቶኝ ነው» ብሎ ኑዛዜውን ሊያስፈርስ ይችላል ብለው ይፈሩ ነበር። አንድ ሽልንግ ስትሰጠው ግን አልረሳኸውም፤ አስበህበት ነው የነፈግኸው። የእንግሊዝ ሕግ ይህን አያስገድድም ነበር፤ ሰው ግን ያምንበት ስለነበር ያደርገዋል። ዛሬ «በአንድ ሽልንግ ተቆረጠ» ከተባለ ከውርስ ተነቀለ ማለት ነው።

የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያና የሶማሊያ ሽልንግ ከዚያው ነው?

ስሙ አዎ፣ ሒሳቡ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲወጣ የሚመነዘረው በ12 ፔንስ ሳይሆን በ100 ሳንቲም ነበር። አሳታሚው ለንደን የተቀመጠ የገንዘብ ቦርድ ነው። የየመኗ ኤደንም ሳትቀር ሠርታበታለች። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ነፃ ከወጡ በኋላ በ1966 እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሽልንግ አወጡ፤ ሶማሊያ ቀደም ብላ በ1962።

ካምፓላ ወይም ናይሮቢ ያላችሁ ዋጋ ሲጻፍ ከቁጥሩ ኋላ /= ሲደረግ አይታችኋል። ያ ምልክት ከላይ ያየነው የ5/- ልጅ ነው። ኦስትሪያም እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ «ሺሊንግ» የሚባል ገንዘብ ነበራት፤ በ2002 በዩሮ ተተካ። ቪየና የቆዩ ዘመዶቻችሁ ያስታውሱታል።

የእስራኤሉ ሰቅልስ ዘመዱ ነው?

አይደለም። ድምፁ ስለተቀራረበ ነው የሚመስለው። ሰቅል ሴማዊ ቃል ነው፤ መመዘን ከሚል ግስ የመጣ። በመጽሐፍ ቅዱስም መጀመሪያ የሚዛን ልክ ነበር። ሽልንግ ጀርመናዊ ነው።

ከአያቴ ሳጥን ውስጥ ሽልንግ አገኘሁ። የትኛው ነው? ዋጋስ አለው?

መጀመሪያ አገላብጡት። አንበሳ ከተራሮች ፊት ቆሞ ካያችሁ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው፤ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ ከእንግሊዙ ይገዝፋል። የኢትዮጵያ ሰው ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ነው። መሀሉ ቀዳዳ ካለው ሽልንግ አይደለም፤ የዚያው ገንዘብ 1፣ 5 ወይም 10 ሳንቲም ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ ካለበትና ከብር ከሆነ የእኛው ሃምሳ ሳንቲም ነው። በላዩ የተጻፈው 1936 ነው፤ የተሠራበት ዘመን በእኛ አቆጣጠር።

የብሩ መጠን በዓመቱ ይወሰናል። የእንግሊዝ ሽልንግ እ.ኤ.አ. እስከ 1919 ድረስ ከመቶ 92.5 እጁ ብር ነው። ከ1920 እስከ 1946 ግማሹ ብቻ። ከ1947 ወዲህ ያለው ምንም ብር የለውም፣ መዳብና ኒኬል ነው። የምሥራቅ አፍሪካው እስከ 1946 ድረስ ሩቡ ብር ነበር።

አደራ፣ አትወልውሉት። በአመድም፣ በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም። አንድ ዘመዴ ውብ የሆነ ሽልንግ «ላሳምረው» ብሎ ሲፈትገው የንጉሡ ፀጉር ጠፋ። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ጥቁረት ነው።

በድሮ የአማርኛ ደብዳቤ ወይም ውል ላይ «ሽልንግ» ካየሁ የቱን ልውሰድ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመጀመሪያ ቀኑን እዩ። ከ1933 እስከ 1937 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተጻፈ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ከዚያ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሃምሳ ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ቀን ከሌለው አጠገቡ ያለውን ቁጥር መርምሩ። «3 ሽልንግ ከ75 ሳንቲም» ካለ የኛ ሃምሳ ሳንቲም ሊሆን አይችልም። ሃምሳ ሳንቲም ውስጥ 75 ሳንቲም አይተርፍም፤ ይህ ባለ 100 ሳንቲሙ ሽልንግ ነው። «4 ብር ከሽልንግ» ካለ ደግሞ 4 ብር ከ50 ነው፤ ጥርጥር የለውም።

የእንግሊዝ ታሪክ ወደ አማርኛ የምትተረጉሙም ይህን አስቡ። «አምስት ሽልንግ ከፈለ» ብላችሁ ከተዋችሁት፣ ዕድሜ ጠገብ አንባቢ ሁለት ብር ከሃምሳ አድርጎ ያነበዋል። ወደ ብር አትቀይሩት፤ የዛሬ ብር ያን ዘመን አይነግርም። መጀመሪያ ሲነሳ «የእንግሊዝ ሽልንግ» በሉት፣ ቀጥሎም ገጸ ባሕርዩ በቀን ስንት እንደሚያገኝ በሚያሳይ አንድ ቃል አስደግፉት። የአንድ እግረኛ ወታደር የቀን ደመወዝ አንድ ሽልንግ እንደነበር ያወቀ አንባቢ፣ አምስት ሽልንግ የአምስት ቀን ልፋት መሆኑን ራሱ ያሰላዋል።